የአሞሌውና የሸሚዙ ዋጋ
በመቀሌ ከተማ ስለ ሠራተኛ ድካምና ስለ ተገቢ ደመወዝ

የአገር ሀብት በሦስት ነገሮች ይቆማል፤ እነርሱም መሬት፥ ገንዘብና የሰው ጕልበት ናቸው። መሬት ዳኛ አለው፤ ድንበሩ ቢገፋ ባለቤቱ ይከሳል። ገንዘብም ዘበኛ አለው፤ በሣጥንና በባንክ ተቈልፎ ይጠበቃል። የሰው ጕልበት ግን በየማታው የሚያልቅ፥ ያልተከፈለበትም ቀን ተመልሶ የማይገኝ ሀብት ስለ ሆነ፥ ከሁለቱ ይልቅ ጠባቂ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ይህንን ነገር አጥርቶ ለማየት የመቀሌን ከተማ ያህል የሚያስረዳ ስፍራ ጥቂት ነው። ከዚያች ከተማ ሁለት ዕቃዎች፥ በቀድሞው ዘመን አሞሌ ጨው፥ በዚህ ዘመን ደግሞ የተሰፋ ልብስ፥ ወደ ሩቅ ገበያ ወጥተዋልና።

ስለ ጨው ንግድ

መቀሌ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመነ መንግሥት ዋና ከተማ ሆና ቤተ መንግሥት ተሠራባት። ከአፋር ቈላ ወደ ደጋው በሚወጣው የጨው መንገድ ላይ በመሆኗም ገበያዋ ደራ። ጨው የሚገኝበት የዳሎል ሜዳ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፥ ሐሩሩም እጅግ የበረታ ምድር ነው። በዚያ ስፍራ የአፋርና የትግራይ ሰዎች ሥራውን ተካፍለው ይሠራሉ፤ አንዱ ወገን የጨውን ቅርፊት በእንጨት ይፈነቅላል፥ ሌላው በመጥረቢያ እየጠረበ ልክ ያወጣለታል። ከዚያ በኋላ ባለ ግመሉ ጭኖ በሐመድ ኢላና በበራህሌ በኩል የብዙ ቀን መንገድ ተጕዞ ወደ ደጋ ይወጣል። በመኪና መንገድ መሠራት የግመሉ ቅፍለት እየቀነሰ ቢሄድም፥ የቈራጩ ድካም ግን አልተለወጠም።

አሞሌ በኢትዮጵያ ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ገንዘብ ሲገበዩበት የኖረ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ጨው ከተቈረጠበት ስፍራ በራቀ ቍጥር ዋጋው እየጨመረ መሄዱን ጽፏል። በዚህ ነገር ብቻ ግፍ አለ ማለት አይቻልም። ግመል በመንገድ ይሞታል፤ ኬላ ይከፈላል፤ ነጋዴውም ስንቁን ከኪሱ ያወጣል። ሆኖም ከሁሉ ይልቅ በሐሩር የሚደክመው ቈራጩ ከዋጋው ትንሹን እጅ የሚያገኝበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ የቈረጠው ጨው በሩቅ ገበያ ስንት እንደሚሸጥ አያውቅም። ሁለተኛ፥ ቢያውቅም እንኳ ዋጋ እስኪሻሻል ድረስ መጠበቅ አይችልም፤ በዚያ በረሓ ውሃና እህል የሚገኘው በዕለቱ በሚከፈል ዋጋ ነውና። አለማወቅና መጠበቅ አለመቻል፥ እነዚህ ሁለቱ የሠራተኛውን ዋጋ ያረክሱበታል።

ስለ ልብስ ስፌት ፋብሪካዎች

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የመቀሌ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ተከፈተ። የፓርኩ ዓላማ የውጭ አገር ባለ ገንዘቦች ገብተው ልብስ አሰፍተው ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ እንዲልኩ፥ ለአገሩም ወጣት ሥራ እንዲሰጡ ነበር። የባንግላዴሽ ኩባንያ የሆነው ዲ.ቢ.ኤልም በመቀሌ ፋብሪካ አቋቋመ። ወደ ሥራው የገቡት አብዛኞቹ ከገጠር ወረዳዎች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። በትግራይ አጠቃላይ የመሬት ድልድል ከተደረገ ብዙ ዓመት ስላለፈ፥ ከዚያ ወዲህ ለተወለዱት የሚዳረሰው መሬት ጥቂት ነው። ስለዚህ የገበሬው ልጅ ወደ ከተማ መውረዷ ሥራ ጠልታ ሳይሆን መሬት አጥታ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች የሐዋሳን ፓርክ መርምረው ባወጡት ጽሑፍ፥ የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፥ ይኸውም 750 ብር ገደማ መሆኑን አመለከቱ። በዚያው ጽሑፍ የባንግላዴሽ ሠራተኛ 95 ዶላር፥ የኬንያ ደግሞ 207 ዶላር ታገኝ እንደ ነበር ተገልጿል፤ ከተመረመሩትም አገሮች ሁሉ የኢትዮጵያው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሠራተኞችም በዚህ ደመወዝ የቤት ኪራይና ምግብ ችለው መኖር ስላቃታቸው ዓመት ሳይሞላቸው ሥራውን ይተዉ ነበር።

ፋብሪካውም የሚያቀርበው ምክንያት አለው። አዲስ ሠራተኛ እጇ እስኪፈታ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ ጨርቁና ክሩ በአብዛኛው ከውጭ አገር ይመጣል፤ ልብሱም እስከ ጅቡቲ ወደብ ድረስ ረጅም መንገድ ይጓዛል። የውጭ አገር ገዢ ኩባንያ ደግሞ ዋጋ እንዲቀነስለት ይጠይቃል፤ ባይቀነስለት ትእዛዙን ወደ ሌላ አገር ያዞራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ገዢው ከፋብሪካው፥ ፋብሪካው ከሠራተኛዋ እየቀነሰ ሲወርድ፥ ከእርስዋ በታች የምትቀንስበት ሰው ስለሌለ፥ የጐደለው ሁሉ በእርስዋ ማዕድ ላይ ያርፋል።

በዚህም ላይ ለእርሻ ጕዳይ ሹማምንት በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። ደመወዟ የማይበቃት ልጅ ከእናትና ከአባቷ ጤፍና ገብስ፥ ሽሮና በርበሬ ታስመጣለች። እንዲህ በሆነ ጊዜ ገበሬው የፋብሪካውን ደመወዝ ከገዛ ጐተራው እየሞላ ነው ማለት ነው። በባሕር ማዶ ሸሚዙ በርካሽ የሚሸጠው ከዋጋው አንዱ እጅ በእንደርታና በሕንጣሎ፥ በክልተ አውላዕሎም ገበሬ ቤት ስለ ተከፈለለት ነው። ገበሬው ግን ይህን ሲከፍል ደረሰኝ የሰጠው የለም፤ በመዝገብም አልተጻፈለትም። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ያው ጐተራ ሲራቈት፥ ልጂቱም በከተማ፥ ቤተ ሰቧም በገጠር በአንድነት ይቸገራሉ።

ኪሣራ በመጣ ጊዜ የሚሸከመው ማን ነው

አሜሪካ በግንቦት 1992 ዓ.ም. ባወጣችው አጎአ በሚባለው ሕግ ከአፍሪካ አገሮች የሚሄደው ልብስ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር፤ የኢትዮጵያ ፓርኮችም በብዙው ተስፋቸውን የጣሉት በዚህ ሕግ ላይ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተነሣ፤ የመቀሌም ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ። በዓድዋ የነበረው የአልሜዳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም በጦርነቱ ተዘርፎ ወደመ። ከዚህም በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በዚሁ ጦርነት ምክንያት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎአ አስወጣ፤ ይህም መቀሌን ብቻ ሳይሆን ከጦርነቱ የራቁትን የሐዋሳንና የሌሎቹንም ከተሞች ሠራተኞች ጐዳ። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ነገር ግን የሄደ ገዢ እንደ ሄደበት ፍጥነት አይመለስም።

በዚህ ጊዜ የእያንዳንዱ ኪሣራ ልክ ምን ያህል እንደ ነበረ ማነጻጸር ይገባል። የባሕር ማዶው ገዢ ትእዛዙን ወደ ሌላ አገር ለወጠ። የፋብሪካው ባለቤት ገንዘቡ ቢጐዳም በሌላ አገር ሌላ ሥራ ሊኖረው ይችላል። ሠራተኛዋ ግን ከደመወዟ የተረፈ ቍጠባ ሳይኖራት፥ በጦርነትና በራብ ጊዜ ባዶ እጅዋን ቀረች። በደጉ ቀን ከትርፉ ትንሹን እጅ ያገኘች፥ በክፉው ቀን ግን ከኪሣራው ትልቁን እጅ ተሸከመች። ፍርድ ጐደለ የሚባለው በዚህ ነው። ሚዛን የሚስተካከለው ትርፍና ኪሣራ በአንድ ልክ ሲከፈሉ ነውና።

ከሌላ አገር የሚገኝ ትምህርት

ደመወዝ ቢጨምር ፋብሪካው ይሸሻል የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ይህንን ለመመዘን የባንግላዴሽን ነገር ማየት ይጠቅማል። በሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንጻ ፈርሶ ከ1,100 በላይ የልብስ ስፌት ሠራተኞች አለቁ። በሕንጻው ላይ ስንጥቅ መታየቱ በዋዜማው ታውቆ ሳለ፥ ሠራተኞቹ እንዲገቡ ተገደው ነበር። ከዚህ ጥፋት በኋላ ገዢ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የሕንጻንና የእሳትን አደጋ የሚያስጠብቅ፥ በሕግ የሚያስገድድ ውል ተፈራረሙ። የአገሩም የደመወዝ ጕባኤ በወር 3,000 ታካ የነበረውን ዝቅተኛ ደመወዝ በዚያው የአውሮፓ ዓመት በ2013 ወደ 5,300፥ በ2018 ወደ 8,000፥ በ2023 ደግሞ ወደ 12,500 ታካ አሳደገው። የኑሮ ውድነት ከጭማሪው ብዙውን ቢበላውና ሠራተኛው ገና ቢያማርርም፥ አገሪቱ ወደ ውጭ የምትልከው ልብስ በእነዚህ ዓመታት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። እንግዲህ ፋብሪካን በአገር የሚያጸናው የደመወዝ መርከስ ብቻ አይደለም፤ የሠለጠነ እጅ፥ ቅርብ የሆነ ጨርቅና የታመነ መንገድም ነው።

ሕጉ የሚያዘው

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅትም አባል ሆናለች። በ1955 ዓ.ም. የሠራተኛ ማኅበራት አንድነት ተቋቋመ፤ ስለ መደራጀትና በኅብረት ስለ መደራደር የወጡትን ዓለም አቀፍ ስምምነቶችም አገሪቱ በዚያ ጊዜ ተቀበለች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ42ኛው አንቀጽ ይህንኑ መብት አጽንቷል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ዝርዝሩን ይናገራል። መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በቀን የተሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ዕድሜው ከ15 ዓመት ያነሰ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። የወለደች ሴት ከመውለድዋ በፊት 30፥ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ታገኛለች። ቍጥራቸው ከ10 ያላነሰ ሠራተኞችም ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። አዋጁ ዝቅተኛውን ደመወዝ እያጠና የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ቢያዝም፥ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ወለሉ ሳይወሰን ቆየ። ሕግ ወጥቶ ሳይፈጸም ሲቀር፥ የተቈፈረ ግን ውሃ ያልወጣለት ጕድጓድ ይመስላል፤ የተጠማውን አያረካም፥ የሚያልፈውንም ይጥላል።

ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች ሊያደርጉት የሚገባ

ከላይ እንደ ተነገረው፥ የሠራተኛውን ዋጋ የሚያረክሱት አለማወቅና መጠበቅ አለመቻል ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ለማራቅ ከሹማምንት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ፥ ትጋትን ብቻ የሚሹ ሥራዎች አሉ።

አንደኛ፥ ፋብሪካ ሠራተኛ ለመመልመል ወደ ወረዳ በመጣ ጊዜ፥ የወረዳው ሹም ስም ጽፎ ከመስጠቱ በፊት ደመወዙ፥ የሥራው ሰዓትና የከተማው የቤት ኪራይ በቀበሌው ሕዝብ ፊት በሚሰማው ቋንቋ እንዲነገር ያድርግ። ብዙ ሰው ላከ ተብሎ ለመመስገን ሲባል ያልተነገረ ነገር፥ ልጂቱ ከስራ ወጥታ ስትመለስ በወረዳው ላይ ይነገራል።

ሁለተኛ፥ የሥራው ውል በጽሑፍ ይሁን፤ አንዱም ቅጂ ከሠራተኛዋ እጅ ይግባ። የሥራ ተቈጣጣሪውም ወደ ፋብሪካው የሚገባው አስቀድሞ ሳይጠራ ይሁን።

ሦስተኛ፥ ሠራተኞች ማኅበር ለማቋቋም በተሰበሰቡ ጊዜ እንደ ዐመፀኛ አይታዩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ከድርና ከማግ ጋር ለሚውሉ ሰዎች የተነገረ ይመስላል። በሸንጎ የሚደራደር ማኅበር ያለው ፋብሪካ፥ በድንገት ከሚነሣ የሥራ ማቆም ይልቅ ጸጥታ ያገኛል።

አራተኛ፥ በከተማ ቤት የሚያከራዩ ባለ ቤቶች ደመወዝ ጨመረ በተባለ ማግስት ኪራይ ቢጨምሩ፥ ጭማሪው ከሠራተኛዋ እጅ ሳይደርስ በመንገድ ይቀራል። ስለዚህ የከተማው ሹማምንት ከፋብሪካው ጋር ተመካክረው ለሠራተኞች ማደሪያ የሚሠራበትን መሬት አስቀድመው ያዘጋጁ።

አምስተኛ፥ ለፋብሪካ የሚሆነው መሬት ብዙውን ጊዜ ከከተማ አጠገብ ካለ ከገበሬ እርሻ የሚወሰድ ስለ ሆነ፥ በአዋጅ ቍጥር 1161/2011 የታዘዘው ካሣ ሳይዘገይ ይከፈል። የገበሬውም መልሶ መቋቋም እስኪፈጸም ድረስ ክትትል አይቋረጥ። መሬቱን ሰጥቶ ልጁን ደግሞ በርካሽ የሚያስቀጥር ገበሬ ሁለት ጊዜ ከፍሏል።

ስድስተኛ፥ ጥጥ በሚበቅልባቸው አገሮች ያሉ የእርሻ ሹማምንት የጥጡን ንጽሕናና ጥራት ያሳድጉ። ጨርቁ ከአገር ውስጥ የተገኘ እንደ ሆነ፥ በባሕር ማዶ ከሚቀረው ዋጋ ከፊሉ ለገበሬው ይደርሳል፤ ፋብሪካውም በትራንስፖርት የሚያወጣውን ቀንሶ ደመወዝ ለማሻሻል ምክንያት ያጣል እንዳይባል ያደርገዋል።

በጠቅላላው፥ ከውጭ አገር የሚመጣ ባለ ገንዘብ ይምጣ፤ በክብር ይቀበሉት፤ ትርፉንም ያግኝ። ነገር ግን ለእርሱ የሚቀርበው ጥሪ የሰዎቻችን ጕልበት ርካሽ ነው የሚል አይሁን፤ እጃቸው የሠለጠነ፥ መንገዱ የተጠበቀ፥ ፍርዱም የቀና ነው የሚል ይሁን። በርካሽነት የመጣ ከዚያ የረከሰ ባገኘ ጊዜ ይሄዳል፤ በሥልጡን እጅና በቀና ፍርድ የመጣ ግን በክፉ ቀን ቢሄድ እንኳ የሚመለስበት ምክንያት አለው።