ጎመን፣ ደምና ዋርፋሪን

ሽንኩርት ስንከትፍ ቢላዋ ጣታችንን ቢያገኘው፣ ደሙ ትንሽ ፈሶ ቀጥ ይላል። ደሙን የሚያቆሙት በጉበት የሚመረቱ ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ ከእነሱ አራቱ (በተሰጣቸው ቁጥር 2ኛው፣ 7ኛው፣ 9ኛውና 10ኛው) ያለ ቫይታሚን ኬ አይሠሩም። ቫይታሚኑ ፕሮቲኖቹን ካልሲየም እንዲይዙ ያደርጋቸዋል፤ ካልሲየም ካልያዙ ቁስሉ ላይ ተሰባስበው ደም ማርጋት አይችሉም።

ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። በደም ሥር ግድግዳ ላይ ካልሲየም እንዳይጋገር የሚከላከል ሌላ ፕሮቲንም የሚነቃው በዚሁ ቫይታሚን ነው። ይህ ፕሮቲን የሌላቸው የቤተ ሙከራ አይጦች ደም ሥራቸው ደርቆ እየተቀደደ በሁለት ወር ውስጥ ሞተዋል። ይህ ማለት ግን የቫይታሚን ኬ እንክብል መዋጥ የሰውን ደም ሥር ከመጠጠር ያድናል ማለት አይደለም፤ ያ ገና አልተረጋገጠም።

ቫይታሚኑን ያገኘው ዴንማርካዊው ሄንሪክ ዳም ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ ስብ የሌለው መኖ የመገባቸው ጫጩቶች ከቆዳቸው ሥር ደም ሲፈስባቸው አየ። መንስኤውን ተከታትሎ፣ ከአሜሪካዊው ኤድዋርድ ዶይሲ ጋር የ1943ቱን የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

የቫይታሚኑ ተቃዋሚ የተገኘው ደግሞ በከብቶች ዕልቂት ነው። በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ፣ የሻገተ የስዊት ክሎቨር ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ሲኮላሹ ወይም ቀንዳቸው ሲቆረጥ ደማቸው አልቆም እያለ ይሞቱ ነበር። በ1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደር፣ ከድርቆሹ ጥቂትና አንድ የወተት ዕቃ ሙሉ የማይረጋ ደም ጭኖ፣ በበረዶ ወጀብ የባዮኬሚስቱ የካርል ፖል ሊንክ ቤተ ሙከራ ደረሰ። የሊንክ ቡድን ለዓመታት ደክሞ መርዙን ለየ። ከዚያ የተወለደው ዋርፋሪን በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ወጣ፤ በ1954 ደግሞ ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። ዋርፋሪን የሚሠራው፣ አንዴ ያገለገለው ቫይታሚን ኬ ታድሶ ዳግም ሥራ እንዳይገባ በማገድ ነው።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በልጅነት በሚደርስ የጉሮሮ ቁስለት የሚጀምረው ሪውማቲክ የልብ ሕመም የብዙ ወጣቶችን የልብ ቫልቭ ያበላሻል። የብረት ቫልቭ የተተከለለት ሰው ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን ዕድሜ ልኩን ይውጣል። በቫይታሚን ኬ ላይ የማይመሠረቱ አዳዲስ ደም ማቅጠኛዎች ቢኖሩም፣ ለብረት ቫልቭ ዋርፋሪንን አይተኩም። የደሙ ቅጥነት አይኤንአር በሚባል ምርመራ ይለካል፤ ለብዙዎቹ ዒላማው ከ2 እስከ 3.5 ባለው መካከል ነው። ከዚያ ካነሰ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ ከበዛ ድድ ይደማል፣ ሰገራ ይጠቁራል።

ምግብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የአዋቂ ሰው የቫይታሚን ኬ የቀን ፍላጎት ከ90 እስከ 120 ማይክሮግራም ሲሆን፣ አንድ ጭልፋ ጎመን ወይም ቆስጣ ብቻውን ከዚህ በላይ ይሰጣል። ሐኪም የኪኒኑን መጠን የሚወስነው በሽተኛው በሚበላው ልክ ነው። በዐቢይ ጾም ጎመን ከማዕዱ ያልጠፋ ሰው፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ ዶሮና ሥጋ ሲዞር ቫይታሚኑ ይቀንሳል፤ ኪኒኑ ግን ያው ነው፤ ስለዚህ ደሙ ከልክ በላይ ይቀጥናል። ጾም ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል።

“ጎመን ተከልክያለሁ” ብለው ጨርሰው የሚተዉት ብዙ ናቸው። ቫይታሚኑን እጅግ በጥቂቱ የሚመገቡ ሰዎችን ግን ትንሽ ለውጥ እንኳ አይኤንአራቸውን ያናጋባቸዋል። የሚበጀው ሳምንቱን ሙሉ ጎመኑን በተቀራረበ መጠን መብላት፣ ጾም ሲገባና ሲፈታ ለክትትል ክሊኒኩ ተናግሮ ቶሎ መመርመር፣ ኪኒንም በራስ ፈቃድ አለመቀነስና አለመጨመር ነው።