ለዓሣ ማስገሪያ የእንጨት ጀልባ የሚሆን ርካሽ ቀለምና ቫርኒሽ

በጣናና በዝዋይ ሐይቆች ለሚሠራ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የእንጨት ጀልባ ውድ ንብረት ነው። ጀልባው ቶሎ የሚበሰብሰው ግን ብዙ ጊዜ ርካሽ ቀለም ስለተቀባ ሳይሆን እርጥቡ እንጨት ሳይደርቅ ስለተቀባ ነው።

ለባሕር መርከብ የሚሠራውን መርዛማ ቀለም አንመክርም። እንጨት የሚበላው የባሕር ትል በእነዚህ ሐይቆች የለም፤ መርዙም ዓሣ ይጎዳል። ጀልባው ከሥራ በኋላ ዳር ወጥቶ የሚያድር ከሆነ ለበርና ለመስኮት የሚሸጠው የዘይት ቀለም ይበቃዋል። ዘወትር ውሃ ላይ የሚያድር ከሆነ ግን ይህ ቀለም አብጦ ይላጣል። የግድግዳ የውሃ ቀለም ፈጽሞ አይሆንም። ቫርኒሽ በፀሐይ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ለመቅዘፊያ ብቻ ይዋል።

አቀባቡ እንደሚከተለው ነው፦

1. በበጋ ጀልባውን አውጥቶ በጥላ ሥር ማድረቅ፤
2. የተላጠውን ቀለም ፍቆ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፤
3. የመጀመሪያውን ቅብ በአኳራጅ አቅጥኖ መቀባት፤
4. እያንዳንዱ ሲደርቅ ሁለት ጊዜ መድገም።

ውሃ አብዝቶ የሚገባው በሳንቃው ጫፍ ስለሆነ፣ የልማት ሠራተኞች ቀለሙ እዚያ መዳረሱን በተለይ እንዲያዩ እናሳስባለን።