የአራዊት ፍግና የምግብ ትራፊ እንዴት ብስባሽ ይሆናል?

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ፍግ ነው። ፍግ ስንል አፍንጫችሁን አትያዙ። ቋንቋችን ለዚህ ነገር ስም አላነሰውም። የከብቱን እበት እንላለን። እበቱ ተጠፍጥፎ ሲደርቅ ኩበት ይባላል። የፈረስና የአህያው ፋንድያ ነው። የፍየልና የበጉ በጠጥ ነው። የዶሮው ኩስ ነው። አያቶቻችን ለእያንዳንዱ ስም ያወጡለት ለይተው ስለሚያውቁት ነው።

ለመሆኑ ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ ዝንጀሮና አንበሳ በአንድ ግቢ ሲኖሩ ፍጋቸው የት ይገባል? ነገሩ የሩቅ ይመስላል። ነገር ግን እዚያ የሚሠራው ሥራ በእያንዳንዳችን ጓሮ ሊሠራ የሚችል ነው። እዚያ የሚደረገውም ጥንቃቄ ለእኛ ጓሮ ያስፈልጋል።

መካነ አራዊት ምንድን ነው?

መካነ አራዊት ማለት የዱር እንስሳት እየተመገቡና እየታከሙ ለሕዝብ የሚታዩበት ግቢ ነው። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ሄዶ አንበሳ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በእንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ አራዊቱ በየቀኑ ይበላሉ። የበላ ደግሞ ይጥላል።

ዝሆንን እንውሰድ። ዝሆን ከሚበላው ሣርና ቅጠል ውስጥ ሆዱ የሚፈጨው ከግማሽ አይበልጥም። ሌላው ተመልሶ ይወጣል። በዚህ ምክንያት አንድ ትልቅ ዝሆን በቀን እስከ 100 ኪሎ ግራም የሚደርስ ፋንድያ ይጥላል። ይህ አንድ ኩንታል ነው። በዚህ ላይ የቀጭኔው፣ የአውራሪሱ፣ የሜዳ አህያው አለ። የተረገጠ ገለባ አለ። አራዊቱ የተዉት ካሮት፣ ጎመንና የፍራፍሬ ልጣጭም አለ።

ይህ ሁሉ እንዲሁ ቢከመር ምን ይሆናል? ይሸታል። ዝንብ ያፈላል። ዝናብ ሲመጣ ፈሳሹ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ውኃውንም ይበክላል። በመኪና አስጭኖ ማስጣል ደግሞ በየወሩ ገንዘብ ይጠይቃል። እንግዲህ ብልህ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስባል።

የሲያትል ከተማ ምሳሌ

ሲያትል በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የምትገኝ ከተማ ናት። ብዙ ኢትዮጵያውያንም ይኖሩባታል። በዚያች ከተማ ውድላንድ ፓርክ የሚባል መካነ አራዊት አለ። ይህ መካነ አራዊት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት የአራዊቱን ፍግ ከመጣል ይልቅ ወደ ብስባሽ መለወጥ ጀመረ። ብስባሹንም ለከተማው አትክልተኞች ሸጠ። ፈላጊው ከመጠን በላይ ሆነ። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ሰዎች ፖስት ካርድ እየላኩ፣ ዕጣ እየወጣላቸው ነበር የሚገዙት። ፍግ በዕጣ! የሚጣል የነበረው ነገር ተፈላጊ ሆነ ማለት ነው።

የግቢው ዝሆኖች እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ሌላ መካነ አራዊት ተወስደዋል። (እ.ኤ.አ. ማለት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ማለት ነው።) በዚያው ዓመት የሲያትል ከተማ የምግብ ትራፊ ከሌላ ቆሻሻ ጋራ እንዳይጣል በሕግ ከለከለ። ስለዚህ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም የሻገተ እንጀራቸውንና የሽንኩርት ልጣጫቸውን ለብቻው ለይተው ያወጣሉ።

ብስባሽ ማለት ምን ማለት ነው?

ብስባሽ ማለት ፍግ፣ ገለባ፣ ቅጠልና የአትክልት ትራፊ አብረው ተከምረው፣ ተብላልተው፣ ወደ ጥቁር አፈር መሰል ነገር ሲለወጡ ነው። ኮምፖስትም ይባላል። ለመሬት ምግብ ነው። አፈሩን ያለሰልሳል፣ ውኃም እንዲይዝ ያደርገዋል።

ይህን ሥራ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሐዋስያን ናቸው። እነሱም እንደ እኛ ምግብ፣ ውኃና አየር ይፈልጋሉ። ሰው ሲሠራ ገላው እንደሚሞቀው፣ እነሱም ሲሠሩ ክምሩ ይሞቃል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ሙቀት ነው።

ሥራው በተራ በተራ

አንደኛው መለየት ነው። በሲያትሉ መካነ አራዊት ወደ ብስባሹ የሚገባው የሣርና የቅጠል በል እንስሳት ፍግ ብቻ ነው። የአንበሳና የነብር አይገባም። የጦጣ፣ የዝንጀሮና የጎሬላም አይገባም። ለምን? የጦጣና የዝንጀሮ ወገን በአካሉ ለሰው ይቀርባል። ስለዚህ የእሱ በሽታ በቀላሉ ወደ ሰው ይተላለፋል። በድመት ወገን ዓይነ ምድር ደግሞ በአፈር ውስጥ ለብዙ ወራት የሚቆይ ተሐዋሲ ሊኖር ይችላል። ይህ ተሐዋሲ ነፍሰ ጡር ሴት ከያዘ የሆዷን ልጅ ይጎዳል። ስለዚህ በቤታችንም የውሻ፣ የድመትና የሰው ዓይነ ምድር ወደ አትክልት ብስባሽ አይግባ። ሥጋና አጥንትም አይግባ። አይጥና ጅብ ይጠራል።

ሁለተኛው መቀላቀል ነው። እርጥቡና ደረቁ ይመጣጠን። እርጥቡ እበት፣ ትኩስ ሣርና የአትክልት ልጣጭ ነው። ደረቁ ገለባ፣ የደረቀ ቅጠልና የእንጨት ፍቅፋቂ ነው። እርጥቡ ብቻ ከሆነ ይሸታል። ደረቁ ብቻ ከሆነ ቁጭ ብሎ ይቀራል። በጋጣ ውስጥ የተረገጠ ገለባ ከፍግ ጋራ አስቀድሞ የተቀላቀለ ስለሆነ ሥራውን ያቀላል።

ሦስተኛው መከመር ነው። ክምሩ ቢያንስ በቁመት 1 ሜትር፣ በጎንም 1 ሜትር ይሁን። ትንሽ ክምር ሙቀቱን ስለማይዝ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

አራተኛው ውኃና አየር ነው። ከክምሩ አንድ እፍኝ አንስታችሁ ጨምቁት። ጥቂት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ ውኃ በዝቷል፤ ገለባ ጨምሩበት። ምንም ካልወጣና እፍኙ ከተበተነ ደርቋል፤ ውኃ አርከፍክፉበት። አየር እንዲገባ ደግሞ ክምሩ በየጊዜው ይገለበጥ። የውጪው ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ውጪ ይዙር። በክረምት ዝናብ እንዳያጥበው ይሸፈን።

አምስተኛው ሙቀቱን ማወቅ ነው። የሰው ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ ነው። ጥሩ ክምር ውስጡ 55 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት በሽታ አምጪ ተሐዋስያን፣ የትል ዕንቁላልና የአረም ዘር ይሞታሉ። በአሜሪካ አገር ያለ ኬሚካል ለሚመረት ሰብል የወጣ ደንብ አለ። እየተገለበጠ የሚዘጋጅ ክምር ቢያንስ ለ15 ቀን ከ55 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ይላል። በነዚያ ቀናትም 5 ጊዜ ይገልበጥ ይላል። ለምን ብዙ ጊዜ? ዳር ያለው ሁሉ በተራው ወደ እሳቱ እንዲገባ ነው።

ታዲያ የሙቀት መለኪያ የሌለን ምን እናድርግ? አንድ ረጅም ዘንግ እስከ ክምሩ መሐል እንሰካ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መዝዘን በእጃችን እንንካው። ትኩስና እርጥብ ሆኖ ከወጣ ሥራው እየሄደ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃና እርጥብ ነገር ይጨመር። የሚሸት ከሆነ አየር አጥቷል፤ ይገልበጥ።

ስድስተኛው ማሳደር ነው። ሙቀቱ ከበረደ በኋላ ብስባሹ ለጥቂት ወራት ይረፍ። የደረሰ ብስባሽ ጥቁር ነው። ይፈረፈራል። ሽታውም ዝናብ የጣለበትን አፈር ይመስላል። መጠኑ ከመጀመሪያው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ተሰረቀ ብላችሁ አትደንግጡ።

አንድ የተሰወረ አደጋ

ሙቀት የማያጠፋው ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 በዚያው በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በስፖኬንና በፑልማን ከተሞች የተዘጋጀ ብስባሽ ቲማቲምና ሌሎች አትክልቶችን አበላሸ። ቢመረመር ክሎፒራሊድ የሚባል የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ተገኘበት። መድኃኒቱ ሣርና ድርቆሽ ላይ ተረጭቶ፣ በእንስሳት ሆድ አልፎ፣ በብስባሹም ሙቀት አልፎ ሳይጠፋ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍለ ግዛቱ ይህ መድኃኒት በግቢ ሣር ላይ እንዳይረጭ ከለከለ።

ስለዚህ ድርቆሽ ወይም ገለባ ስትገዙ፣ “ምን ተረጭቶበታል?” ብላችሁ ጠይቁ። ካልታወቀ ብስባሹን ከአፈር ጋራ ቀላቅላችሁ በቆርቆሮ ውስጥ ጥቂት የባቄላ ወይም የአተር ዘር ዝሩበት። ሦስት ሳምንት ጠብቁ። ቅጠሉ ከተኮማተረና ከተጣመመ ያን ብስባሽ ጓሮ አታስገቡት። ደህና ከበቀለ ግን እሰየው ነው።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

አንዳንድ አድማጭ፣ “እኔ ዝሆን የለኝ፣ ሁለት ላምና አንዲት አህያ ናት ያለችኝ” ይሉ ይሆናል። ሁለት ላምና አንዲት አህያ ይበቃሉ።

እበታችንን ኩበት አድርገን እናነዳለን። እንጨት በታጣበት አገር ኩበት ያነደደች እናት አይፈረድባትም። እንጀራው በምን ይጋገር? ነገር ግን ኩበት ሲነድ ለሰብል ዋና ምግብ የሆነው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋራ ይሄዳል። መሬቱ የሰጠንን ሳንመልስለት እንቀራለን ማለት ነው። ስለዚህ ለማገዶ የማይመቸውን፣ ማለትም ፋንድያውን፣ በጠጡን፣ ከጋጣ የሚጠረገውን ፍግ፣ የጎመኑን ግንድና የድንቹን ልጣጭ ለመሬቱ እንተውለት።

በአገራችንም ተሞክሮ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ ገበሬዎች ብስባሽን በማሳቸው እንዲሞክሩ የሚረዳ ሥራ ተጀመረ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በዚህ ሥራ ይታወቃሉ። ምርቱ ተመዝኖ ሲታይ ብስባሽ የገባበት ማሳ ምንም ካልገባበት ማሳ እጅግ አብልጦ ሰጠ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ጥሬ ፍግ በጥሬው የሚበላ አትክልት ላይ አይደረግ። ሰላጣና ካሮት በሽታውን ይዘው ወደ ማዕዳችን ይመጣሉ። ከላይ የጠቀስነው ደንብ ጥሬ ፍግ የገባበትና አፈር የሚነካ ምግብ ከ120 ቀን በፊት እንዳይሰበሰብ ያዛል። ይህ አራት ወር ነው። ክምራችሁ መሞቁን ካልተማመናችሁ አትቸኩሉ፤ በቆሎው ወይም ዛፉ ሥር አድርጉት። ፍግ ነክታችሁ ስትመለሱም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

አድማጮቻችን፣ ለዛሬ ያዘጋጀነው ይኸው ነው። ከሰማችሁ በኋላ ደግሞ አንብቡት። ካነበባችሁ በኋላ ለማያነበው ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ደኅና ሁኑ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የአንበሳና የዝንጀሮ ፍግ ወደ ብስባሽ የማይገባው ለምንድን ነው?
2. ክምሩ መሞቁን ያለ መለኪያ እንዴት እናውቃለን?
3. ሙቀት የማያጠፋው አደጋ ምንድን ነው? በምንስ ይፈተሻል?
4. በቤታችሁ ከሚጣለው ነገር ውስጥ ለብስባሽ የሚሆነውን ቆጥራችሁ ጻፉ።