ስለ ትንሽ ውሻ ጉበትና ስለ ምርመራው

ጉበት በእንስሳ ሰውነት ውስጥ ካሉት ዕጢዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው። በግ ሲታረድ የተመለከተ ልጅ ጉበቱንና በላዩ የተጣበቀውን የሐሞት ከረጢት ያውቃል፤ የውሻም ጉበት እንደዚሁ ነው። ከሆድ፣ ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም ወደ ልብ ከመድረሱ አስቀድሞ በአንድ ትልቅ የደም ሥር ወደ ጉበት ይገባል። ጉበትም ከምግቡ የሚጠቅመውን ያከማቻል፤ የሚጎዳውን ያከሽፋል፤ ሐሞትን ይሠራል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትንም ነገሮች ያዘጋጃል። ትርፍ ኃይል ስላለውም ብዙው ክፍል እስኪጎዳ ድረስ ሥራውን አያቋርጥም። ስለዚህ ሕመሙ ቶሎ አይገለጥም።

በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት የወጣ ዮርክሻየር ቴሪየር የሚባል የውሻ ዘር አለ፤ ክብደቱ ከ3 ኪሎ ብዙ አይበልጥም። በዚህና በሌሎችም ትናንሽ ዘሮች መካከል አንዳንድ ቡችሎች ከጉበት ውጭ የሚያልፍ አንድ የተሳሳተ የደም ሥር ይዘው ይወለዳሉ። የመስኖ ውሃ ቦዩን ጥሶ ማሳውን ሳያጠጣ እንደሚያልፍ ሁሉ፣ ደሙም ጉበትን ትቶ በዚህ አቋራጭ ወደ ልብ ይሄዳል። ያልጠራው ደም አሞንያና ሌላም መርዝ ወደ አንጎል ያደርሳል። እንዲህ ያለው ቡችላ ከወንድሞቹ ይቀጭጫል፤ ይልቁንም ከበላ በኋላ ይንገዳገዳል፤ ለሀጩ ይዝረበረባል፤ ራሱን ከግድግዳ ጋር ይገፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ይንዘፈዘፋል።

ነገር ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀመረው በሕመም አይደለም። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ለሌላ ጉዳይ ደሙ ሲመረመር፣ የጉበት ኢንዛይም ከልኩ በላይ ሆኖ ይገኛል። ባለቤቱም ሌላ ምርመራ ይደረግ ወይስ ይቅር እያለ ያመነታል። ኢንዛይሙ የጉበት ሴሎች ሲጎዱ ወደ ደም የሚፈስ ነው፤ ጉዳት መኖሩን ያመለክታል እንጂ ጉበቱ ሥራውን ማቆሙን አይናገርም። ኮርቲዞንና የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ የጥርስ ወይም የአንጀት ሕመምም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ምርመራው በደረጃ ሊሄድ ይገባዋል።

1ኛ። ውሻው ምልክት ከሌለበትና ቁጥሩ በጥቂቱ ብቻ ካለፈ፣ የሚወስደው መድኃኒትና የሚበላው ሁሉ ተጠይቆ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደሙ ዳግመኛ ይታያል። ቁጥሩ ከወረደ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

2ኛ። ቁጥሩ ከጸና ወይም ምልክት ካለ፣ የሐሞት አሲድ ይለካል። ጉበት ሐሞትን ወደ አንጀት ያፈሳል፤ አሲዱም ሥራውን ፈጽሞ ከአንጀት ወደ ደም ይመለሳል፤ ጤነኛ ጉበትም ከደሙ ለቅሞ ይወስደዋል። ስለዚህ ውሻው 12 ሰዓት ያህል ጾሞ ደሙ ይቀዳል፤ ከዚያም ይመገባል፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ይቀዳል። አሲዱ በደሙ ውስጥ ከቀረ፣ ወይ ጉበቱ ደክሟል ወይ ደሙ በአቋራጭ ያልፋል ማለት ነው። ሆኖም ማልቲዝ በሚባለው ትንሽ ዘር ውስጥ ጤነኞች ሆነው ሳሉ አሲዳቸው ከፍ የሚል ውሾች አሉና፣ ይህ ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይሆንም።

3ኛ። ቀጥሎ ጉበቱና የደም ሥሮቹ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ይታያሉ። አቋራጩ ሥር ከተገኘ ብዙ ጊዜ በቀዶ ጥገና ይዘጋል፤ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ወደ ጉበት እንዳይበረታም ቀስ በቀስ እንዲዘጋ ይደረጋል። ቀዶ ጥገና ለማይደረግለትም ልዩ ምግብና መድኃኒት ይታዘዝለታል።

4ኛ። በመጨረሻ ከጉበቱ ጥቂት ቁራጭ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ይህ ማደንዘዣ የሚፈልግና ደም ሊያፈስ የሚችል ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ ደሙ በደንብ መርጋቱ ይፈተናል።

በየደረጃው የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «መልሱ ሲገኝ የሚደረገው ነገር ይለወጣልን?» የሚል ነው። መልሱ ሕክምናውን የሚለውጥ ከሆነ ወጪውና ድካሙ ከንቱ አይሆንም። የማይለውጥ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ያረጀና ማደንዘዣ የማይችል ውሻ ቢሆን፣ ሕመሙን እያስታገሡ መጠበቅ ቸልተኝነት አይባልም። አቋራጭ የሚጠረጠርበትን ቡችላ ሳይመረምሩ ማቆየት ግን የሚድነውን ማጥፋት ነው። ዓይኑና ድዱ ቢጫ የሆነ፣ ደጋግሞ የሚያስታውክ ወይም የሚንዘፈዘፍ ውሻም ቀን ሊቀጠርለት አይገባም፤ በዚያው ዕለት ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰዳል።

ውሻ ሕመሙን በቃል አይናገርም፤ ስለ እርሱ የሚመሰክረው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ምን እንደ በላ፣ በስንት ሰዓት እንደ ተንገዳገደ፣ ክብደቱ ምን ያህል እንደ ቀነሰ የሚጽፍ ባለቤት ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ያደርጋል።

ጥያቄ
1. ደም ጉበትን ትቶ ቢያልፍ በአንጎል ላይ ምን ይደርሳል?
2. የሐሞት አሲድ ሲለካ ደም ሁለት ጊዜ የሚቀዳው ስለ ምንድን ነው?
3. ምርመራን ማቆየት የሚገባው መቼ ነው? የማይገባውስ መቼ ነው?