የኮምፒዩተርን ሥራ በራስ እጅ ስለ መያዝ

(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች የተወሰደ)



ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፥ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 ቀልጦ መሠራቱን የማያውቅ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ ሰዎች የፈለጉት መሣሪያውን ብቻ አልነበረም፤ አሠራሩንም ጭምር ነበር እንጂ። ዕቃን የሰጠ ሰው ነገ ሊከለክል ይችላል፤ የተማሩት ሙያ ግን ከእጅ አይወጣም። ይህ አሳብ በዘመናችን በኮምፒዩተር ረገድ እንደ ገና ተነሥቶ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ክፍት ምንጭ ስለሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጥቂት እንናገራለን።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት ኮምፒዩተሩ ሲበራ ከሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ቀድሞ የሚነሣ፥ ዲስኩንና ፕሪንተሩን፥ የጽሕፈት ገበታውንም ለየፕሮግራሙ የሚያከፋፍል ዋና ፕሮግራም ነው። መዝገብ ቤቱንና ንብረት ክፍሉን፥ ሒሳብ ክፍሉንም አስተባብሮ በሚያሠራ ሹም ሊመሰል ይቻላል። በመሥሪያ ቤቶቻችን በብዛት የሚታየው ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ የሚሸጠው ዊንዶውስ ነው። የዚህ ፕሮግራም የውስጥ አጻጻፍ የተዘጋ ስለ ሆነ፥ የገዛው ሰው ይሠራበታል እንጂ ሊመረምረው ወይም አባዝቶ ለጎረቤቱ ሊሰጠው አይፈቀድለትም።

ክፍት ምንጭ የተባለው ግን የውስጥ አጻጻፉ ለሁሉ የተገለጠ ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1983 ጀመረ፤ በ1991 ደግሞ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን የሥርዓቱን እምብርት አወጣ። የሊኑክስ ፈቃድ ማንም ሰው እንዲሠራበት፥ እንዲመረምረው፥ እንዲያርመውና እንዲያባዛው ይፈቅዳል፤ አሻሽሎ ለሌላ የሚሰጥ ሰው ግን ያሻሻለውን አጻጻፍ እንዳይሸሽግ ያስገድደዋል። ዴቢያን፥ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት የሚባሉት በዚሁ እምብርት ላይ የተሠሩ ናቸው።

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ ነው የሚል አድማጭ ቢኖር፥ በኪሱ የያዘውን ስልክ ይመልከት፤ አንድሮይድ የሚባለው የስልክ ሥርዓት እምብርቱ ሊኑክስ ነውና። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያችንም የተመሠረተው በህንድ አገር በተሠራ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለትንሹ መሥሪያ ቤት ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለው ነው።

ነገሩ ዛሬ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥገና አገልግሎት በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ልዩ የደኅንነት ክፍል ያላቸውንና አዲስ የሆኑትን ማሽኖች ስለሚፈልግ፥ ብዙዎቹ አሮጌ ኮምፒዩተሮች አይቀበሉትም። በፋርጣ ወይም በላይ ጋይንት ያለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አዲስ ማሽን የሚገዛበት ገንዘብ ከሌለው፥ የአባሎቹን ሒሳብ ጥገና በሌለው ሥርዓት ላይ ያኖራል ማለት ነው። ፍላሽ ዲስክ ከቢሮ ወደ ቢሮ ይዞት የሚመጣው ቫይረስም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ዊንዶውስ መጫንም መፍትሔ አይሆንም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ይጠብቃል፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም። ሊኑክስን ግን አንድ ጊዜ ያወረደ ሰው በዚያው ፍላሽ በዐሥር ማሽን ላይ ቢጭነው ሕግ አይከለክለውም፤ ፈቃዱንም በኢንተርኔት ማረጋገጥ አያስፈልገውም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት መቋረጡን ለሚያስታውስ ሰው፥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሆነ ሆኖ፥ ዋጋ አይከፈልበትም ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ስለሆነም ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ነገሮች አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

1ኛ፥ መሞከር ነው። ሊኑክስ ሚንት በትንሹ 2 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይበቃዋል። ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሽ አስነሥቶ ፕሪንተሩና ኔትወርኩ መሥራታቸውን ማየት ስለሚቻል፥ ሳይሞክሩ መጫን አይገባም።

2ኛ፥ የአማርኛው ጽሑፍ ነገር ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ብዙ ደብዳቤዎች በየመሥሪያ ቤቱ አሉ፤ እነዚህ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ የማይነበቡ የላቲን ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። ጥፋቱ የሊኑክስ ባይሆንም ችግሩ የሚገለጠው ያን ጊዜ ስለ ሆነ፥ አሮጌው ማሽን ሳይነሣ ጽሑፎቹን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ግድ ነው። አዲስ ለሚጻፈው ግን ሊኑክስ ድምፁን በላቲን ፊደል እየመቱ አማርኛ የሚጽፉበት ዘዴ አለው።

3ኛ፥ ፕሮግራሞቹን መለየት ነው። ሊብሬኦፊስ የዎርድና የኤክሴል ሰነዶችን ይከፍታል፤ ነገር ግን ውስብስብ ሠንጠረዦች አንዳንድ ጊዜ ቦታቸውን ይስታሉ። በብዙ ሒሳብ ክፍሎች የሚሠራበት ፒችትሪ ደግሞ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። ስለዚህ የሒሳቡን ማሽን ሕጋዊ ፈቃድ ባለው ዊንዶውስ ትቶ፥ የጽሕፈቱንና የመዝገብ ቤቱን ብቻ መለወጥ ብልኅነት ነው።

4ኛና ዋናው ነገር ሰው ነው። ሥርዓቱን የሚያውቀው አንድ ሠራተኛ ብቻ ቢሆን፥ እርሱ በዝውውር የሄደ ቀን ቢሮው ባዕድ ዕቃ ታቅፎ ይቀራል። ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይማሩ፤ የተማሩትንም በአማርኛ ጽፈው በመዝገብ ያኑሩ። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚማሩ ወጣቶች ስላሉ፥ በዚህ ረገድ እርዳታ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ቫይረስን በተመለከተ፥ ለዊንዶውስ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በሊኑክስ ላይ አይሠራም፤ ሆኖም ፈጽሞ የማይደፈር ሥርዓት የለም። መብራት በድንገት በሚጠፋበት አገር፥ በየትኛውም ሥርዓት ቢሆን የመዝገቡን ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቦታ ያላኖረ መሥሪያ ቤት ራሱን ለጉዳት አሳልፎ ይሰጣል።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው ሁሉን ማሽን በአንድ ቀን አትለውጡ። አስቸኳይ ሥራ በማይሠራበት በአንዱ ጀምሩ፤ ጥቂት ወራት ሥሩበት፤ የከበዳችሁንና የቀለላችሁን ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ በማስረጃ ወስኑ። ውሳኔው ወደ ዊንዶውስ መመለስ ቢሆንም እንኳ፥ የገዛችሁት ዕቃ ምን እንደሚሠራ ዐውቃችሁ ትገዛላችሁ።