ከፍም ወደ ፍም፦ የቦነስ አይረስ የጥብስ ጉብኝት

ቦነስ አይረስ የገባ እንግዳ ጥብስ ፍለጋ አይደክምም። ፓሪሻ የሚባሉት የጥብስ ቤቶች በየመንገዱ ማዕዘን አሉ። የሚያስቸግረው ምን እንደሚያዝ ማወቅ ነው፤ ከአንድ ሰንጋ የሚወጣው ብልት ሁሉ የየራሱ ስምና ተራ አለውና። በእግር የሚደረገው የፓሪሻ ጉብኝት ለዚህ መፍትሔ ነው፦ ጥቂት ሰዎች አስጎብኚ ተከትለው በፓሌርሞ ወይም በሳን ቴልሞ ሰፈር ከቤት ቤት እየተዘዋወሩ ይቀምሳሉ።

ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ቾሪፓን ነው፤ የተጠበሰ ቋሊማ ለሁለት ተሰንጥቆ በዳቦ መሃል፣ ቺሚቹሪ ፈሰስ ተደርጎበት። ቺሚቹሪ ከፐርስሜሎ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከኦሬጋኖ፣ ከኮምጣጤና ከዘይት የሚሠራ ማባያ ነው። ቀጥሎ ፍም ላይ የቀለጠው የፕሮቮሌታ አይብ፣ የተጠበሰ አንጀት፣ ከጥጃ አንገት ሥር የሚወጣው ሞሼሃ የተባለ እጢም ይመጣል። ሞሼሃ ላዩ ኩርሽም የሚል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፤ ሳይቀምሱት መመለስ ያስቆጫል። ሞርሲሻ ግን በደም የተሞላ ቋሊማ ስለሆነ፣ ደም የማይበላ ሰው ለአስጎብኚው አስቀድሞ ይንገር።

ቅደም ተከተሉ በዘፈቀደ አልመጣም። በአርጀንቲና ቤቶች አሳዶ የሚባለው የእሑድ ጥብስም እንዲሁ ነው፦ ቋሊማውና የሆድ ዕቃው ቀድሞ ይቀርባል፣ ትልልቁ ሥጋ ቀስ ብሎ ይበስላል።

ጥሩ አስጎብኚ እንግዶቹን ወደ ምድጃው ያስጠጋቸዋል። ጠባሹ፣ አሳዶር ይሉታል፣ ነበልባል አይወድም። ኬብራቾን ከመሰለ ጠንካራ እንጨት የወጣውን ፍም እየጫረ ከፍርግርጉ ሥር ያነጥፋል፤ የሙቀቱን ኃይል መዳፉን ከፍርግርጉ በላይ ዘርግቶ ይለካል። ብዙዎቹ ፍርግርጎች ያዘነበሉ ቦዮች ስላሏቸው ስቡ ፍሙ ላይ ሳይንጠባጠብ ወደ ፊት ይወርዳል። ሥጋው ከሻካራ ጨው በቀር እምብዛም ቅመም አይነካውም።

የዚህ ሁሉ ሥጋ ታሪክ የሚጀምረው ከአርጀንቲና ሰፊ የፓምፓስ ሜዳ ነው፤ ከስፔን የመጡ ከብቶች የረቡት እዚያ ነው። ለረጅም ዘመን ከብቱ የሚታረደው በዋናነት ለቆዳውና ለሞራው ነበር፤ አብዛኛው ሥጋ ሜዳ ላይ ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 ማቀዝቀዣ የተገጠመላት የፈረንሳይ መርከብ ቦነስ አይረስ ከደረሰች በኋላ ግን ሥጋው ራሱ ወደ አውሮፓ የሚላክ ሀብት ሆነ። እንደ አንገስና ሄርፎርድ ያሉ የብሪታንያ ዝርያዎችም በሜዳው ተስፋፉ።

ወደ ጉብኝቱ ስንመለስ፣ ከቋሊማውና ከሆድ ዕቃው በኋላ የጎድን አጥንቱ፣ ሽንጡና የማልቤክ ወይኑ ይመጣሉ። በሳን ቴልሞ ላ ብሪጋዳ በተባለው ቤት አስተናጋጆቹ ሥጋውን በማንኪያ ሲቆርጡ ይታያሉ። በፓሌርሞ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተው ዶን ሁሊዮ የተባለ የጥብስ ቤት በዓለም ዝነኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የሚሽለን ኮከብ አግኝቷል። ቢሆንም ጉብኝቱ የሰፈር ሰው ምሳውን ቆሞ የሚበላባቸውን ትንንሽ ቤቶች ቢመርጥ ይሻላል፤ ወደ ዶን ሁሊዮ በሌላ ቀን፣ ቦታ አስይዞ መሄድ ይቻላል። የከተማው ሰው ለራት የሚቀመጠው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ቀደም ብሎ የሚመጣ እንግዳ ከአሳዶሩ ጋር ለማውጋት ጊዜ ያገኛል።