የባቡር ድልድዮች ቀለም ከምን ይመጣል?

በሲያትል ከሬኒየር ቢች ጣቢያ ተነሥቶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚጓዘው ቀላል ባቡር፣ ጎዳናውን ለቅቆ ብዙም ሳይርቅ ከፍ ወዳለ የኮንክሪት ድልድይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ይህ መስመር በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ሠፈር ያልፋል። ድልድዩ ግራጫ ነው፤ ግራጫነቱ ግን ከኮንክሪቱ እንጂ ከቀለም ቀቢ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከፍ ያሉ ድልድዮችም በዚሁ መንገድ የኮንክሪት ሥራ ናቸው።

ብረት የሚዝገው ውኃና ኦክስጅን አብረው ሲያገኙት ነው። በኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ብረት፣ ሲሚንቶው በሚፈጥረው ከፍተኛ አልካላይነት ምክንያት ላዩ ላይ ስስ መከላከያ ሽፋን ያበጃል። በሲያትል ሰሜናዊ ክፍል በሳልመን ቤይ ላይ እንደሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1914 እንደተሠራው የባቡር ድልድይ ያለ የተጋለጠ ብረት ግን ይህ ጋሻ የለውም። ሰው ሊቀባለት ይገባል።

ስለዚህ የድልድይ ቀለም በአመዛኙ የማዕድን ጉዳይ ነው። ቀይ ለረጅም ዘመን የገነነው ለውበቱ አልነበረም። ቀይ አፈርን የሚያቀላው የብረት ኦክሳይድ ርካሽ ነው፤ ፀሐይም በቀላሉ አያደበዝዘውም። እ.ኤ.አ. በ1890 የተከፈተው የስኮትላንዱ የፎርዝ ባቡር ድልድይ እስከ ዛሬ ቀይ ነው። ብርማ መልክ ያላቸው ድልድዮች ደግሞ መልካቸውን የሚያገኙት ከአሉሚኒየም ቅንጣቶች ነው፤ ቅንጣቶቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው የእርጥበትን መንገድ ያስረዝማሉ።

ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ሌላም ብልሃት አለ። ተከታታዮቹን ሽፋኖች በተለያየ ቀለም ይቀባሉ፤ ያልተዳረሰ ቦታ ካለ የታችኛው ቀለም ራሱ ያሳብቃል። ፈዘዝ ያለ የላይኛው ቀለም በበኩሉ የዝገትን ጅማሬ ለመርማሪ ዓይን ቶሎ ያጋልጣል፤ ሙቀትንም ያንጸባርቃል። ብረት በሙቀት ይለጠጣልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሲያትል ከተማ በብርቱ ሙቀት ወቅት ያረጁ ተከፋች የመኪና ድልድዮቿን ውኃ እየረጨች ታቀዘቅዛለች።

ከሁሉም የከበደው ቅርስ ብርቱካናማ ቀይ የሆነው የእርሳስ ኦክሳይድ ነው። ዝገትን በመግታት ብቃቱ ለአሥርተ ዓመታት ተመራጭ ነበር፤ ነገር ግን መርዝ ነው፣ በተለይም በማደግ ላይ ያለን የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 ከቤት ቀለም ብታግደውም፣ በአሮጌ የብረት ድልድዮች ላይ የተቀባው ብዙ ቦታ በቦታው አለ። እንዲህ ያለውን ድልድይ እንደገና መቀባት ውድ የሚሆነው በአብዛኛው በዚህ ሳቢያ ነው። ሲፋቅ አቧራው ወደ ነፋስና ወደ ወንዝ እንዳይገባ የሥራ ቦታው በመጋረጃ ይታጠራል፤ ሠራተኞቹም መተንፈሻ ጭንብል ያደርጋሉ። በአሮጌ ድልድይ ሥር የረገፈ የቀለም ቅርፊት ያየ ወላጅ ልጁን ከዚያ ማራቅ፣ እጁን በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ጫማውንም ከደጅ ማስወለቅ ይገባዋል።